ሙሴ ላጋር ቢሆን

ኦቦ ቶሎሳ ማረፋቸውን የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ሚስታቸው አዴ ዲንቂ ደወሉና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ኢንጂነር፣ ሰውዬሽ ሄደ» አሉኝ። የት ሄዱ ልል አፌን ስከፍት ድምፃቸው ተሰበረ፤ ያኔ ገባኝ። ሰበታ እስክደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ ሶፍት አቀበለችኝ።

ቀብሩ ላይ የእድሩ ዳኛ የሕይወት ታሪካቸውን አነበቡ። እዚያው ሰበታ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ መወለዳቸውን፣ በምድር ባቡር ዕድሜያቸውን ሙሉ በግንበኝነት ማገልገላቸውን፣ ባቡሩ ሲቆም ጡረታ መውጣታቸውን ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ፍርሃት የሚባል ነገር የማያውቁ ቆራጥ ሰው ነበሩ» ሲሉ ቀና ብዬ አዴ ዲንቂን አየኋቸው። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ ልቅሶ የበረታባቸው መስሏቸው ደገፏቸው። እኔ ግን እምላለሁ፣ እየሳቁ ነበር።

እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ፈሪው ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ።

ሁለታችንም የምንኖረው ሰበታ፣ የምንሠራው ቡራዩ ስለነበር ጠዋት ጠዋት አብረን እንሳፈር ነበር። መሳፈር ካሉት ነው። መጀመሪያ የሚኒባሱን ጎማ ዞረው ያያሉ። ቀጥለው ረዳቱን «ፍሬኑ እንዴት አደረ?» ይሉታል። ሾፌሩ ሲስቅ ካዩት ደግሞ ያን መኪና ያሳልፉታል፤ «በዚህ መንገድ ላይ የሚስቅ ሰው ምን አስቦ ነው?» ይሉኛል። በእሳቸው የተነሳ ስንት ቀን እንዳረፈድኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ከግንቡ ፈንጠር ብለው ዛፍ ሥር ይቆማሉ፤ ነፋስ ከተነሳ ከዛፉም ይርቃሉ። አዴ ዲንቂ «እኔን ሊያጭ የመጣ ቀን ከፊቴ በፊት ያየው የአባቴን ቤት ምሰሶ ነው» እያሉ ያሾፉባቸዋል። «ታዲያ ምሰሶው እስከዛሬ መች ወደቀ?» ይመልሳሉ እሳቸው፣ ኮስተር ብለው።

የተዋወቅነው በሶዳ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ብዙም ሳልቆይ ቡራዩ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ሳይት ኢንጂነር ሆኜ ተቀጠርኩ። ኦቦ ቶሎሳ የዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። አካፋና ዶማ ቆጥረው ይሰጣሉ፤ ማታ ቆጥረው ይረከባሉ። የመጀመሪያው ቀን ወደ እኔ ቀረቡና ኮፍያቸውን አውልቀው «አከም ቡልቴ፣ ኢንጂነር» አሉኝ። «ነጋ» አልኳቸው፤ ያኔ ኦሮምኛዬ ከዚህ አያልፍም ነበር። ከዚያ አዲስ ወደተጀመረው ጉድጓድ እያመለከቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚያ በኩል ሶዳ አለ» አሉኝ።

የጠማቸው መሰለኝ። «አባቴ፣ ሱቁ ከጀርባ ነው፤ ላስመጣልዎት?» አልኳቸው።

ቆፋሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ኤርሚያስ የሚባል፣ ከወላይታ የመጣ የሦስት ልጆች አባት ነው። እሱ እንኳ ኦሮምኛውን ከእኔ በልጦ ተምሮት ኖሮ «ኢንጂነር፣ ሶዳ ማለት እኮ ፍርሃት ነው» ብሎ ነገረኝ። ኦቦ ቶሎሳ አልሳቁም። «እሷ ምን ታድርግ፣ ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም» አሉና ወደ ዕቃ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃትን ያስተምሩኝ ጀመር። ሌላ ቃል የለኝም። ግድግዳ በጣታቸው አንጓ ይመቱና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ቆሞ ያገኙትን ሠራተኛ ሁሉ የቆመበትን ቦታ ያስለውጡታል። አንድ ነገር ደስ ካላላቸው ክርክር አይወዱም። «ሙሴ ላጋር ቢሆን እንዲህ አያደርግም» ብለው ይሄዳሉ። ብረት ሲያንስ፣ አሸዋ ሲቆሽሽ፣ ሰው ሲቸኩል፣ ሁልጊዜ ሙሴ ላጋር ቢሆን ነው። እኔም ድሮ ያሠራቸው ፈረንጅ መስሎኝ፣ ይህ ሙሴ ላጋር በሕይወት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «እሑድ ላሳይሽ» አሉኝ።

ፈረንጁን ልተዋወቅ ነው ብዬ፣ ያን እሑድ ጥሩ ጫማዬን አድርጌ ነበር የሄድኩት። ለገሃር ወረድን። አሮጌው የባቡር ጣቢያ በክሬንና በቆርቆሮ አጥር መሃል፣ ከኋላው ከሚነሡት የመስታወት ፎቆች ዝቅ ብሎ ቆሟል። ጥበቃው ኦቦ ቶሎሳን ከድሮ ያውቃቸው ነበርና እስከ ግድግዳው እንድንጠጋ ፈቀደልን። እሳቸው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ።

«ይኸውልሽ፣ ሙሴ ላጋር» አሉኝ።

«የት?»

«ይኸው። ማዕዘኑን እይ። እዚህ ድንጋዩ ትልልቅ ነው፣ መሃል ላይ ያንሳል። ለምን? እዚህ ጋ ፈርቷል። ባቡር ሲገባ መሬት ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው ገና ወረቀት ላይ እያለ ያ መንቀጥቀጥ እግሩ ሥር ተሰምቶታል።» ወደ መስኮቱ ቀና አሉ። «ያ ቅስት ደግሞ ለማማር ነው ይሉሻል። ውሸት ነው። ከላይ ያለው ክብደት አስፈርቶት ነው፤ ፍርሃቱን ግን አሳመረው። እኔ ሰው ያልፈራበት ቤት ውስጥ አላድርም።»

ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ታሪክ ተምሬአለሁ። ቅስት ስንት ዓይነት እንደሆነ ተፈትኜ አልፌአለሁ። ይህን ያህል ድንጋይ ያስነሣ ሰው ፈርቶ ሊሆን እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በየመንገዱ ዳር በአንድ ክረምት የበቀሉትን ፎቆች እያየሁ፣ ማን ፈርቶላቸው ይሆን እያልኩ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ይህን ዓይን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ አንዳንዴ ባልሰጡኝ እላለሁ።

ስሙን እንዴት እንዳገኙት የነገሩኝ ስንመለስ ነው። በወጣትነታቸው፣ ፈረንሳይኛ የሚናገር አለቃቸውን፣ በጣታቸው ሕንፃውን እያሳዩ ማን ነው የሠራው ብለው ጠየቁት። አለቃው ቋንቋቸውን አያውቅም፤ ይህ ምንድን ነው ያሉት መስሎት «ላ ጋር» አላቸው። በቃ። ላጋር የሰውዬው ስም ሆነ፣ ሰፈሩም በሰውዬው ስም ተጠራ፣ እሳቸው ዘንድ። አዴ ዲንቂ በዚህ አይስማሙም። «ለገ ነው እንጂ! እንደ ለገጣፎ፣ እንደ ለገዳዲ። ለገ ሃሬ፣ የአህያ ወንዝ» ይላሉ። «የአህያ ወንዝ ያንቺ አባት አገር ነው» ይሏቸዋል ኦቦ ቶሎሳ። ጋብቻቸውን ሙሉ ሲከራከሩበት የኖሩት ይህን ነው።

እኔ ላጋር በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ያን እሑድ ግን አልተናገርኩም። እንዴት ልናገር? ከዓመታት በፊት ቄሱ ዘንድ ሄደው የሰውዬውን ስም ከሙታን ስም ጋር ለጸሎት አስመዝግበውታል። ቄሱ «ክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሏቸው «ሙሴ ነው የሚሉት» አሉ። ቄሱም ደስ አላቸው፤ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብለው ሙሴ ብለው ጻፉት። ድሮ ፈረንጅን ሁሉ ሙሴ ይሉት እንደነበር አላሰቡትም። እንደዚህ ሆኖ ነው አንድ አርክቴክት የእሱ ባልሆነ ስም ሰበታ ውስጥ በየዓመቱ ሲታሰብ የኖረው።

ሐምሌ ገባ።

ሳይታችን ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። አፈሩ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሳሙና የሚሆን ጥቁር አፈር ነው። ለምድር ቤቱ የተቆፈረው ጉድጓድ ከሦስት ሰው ቁመት በላይ ወርዷል። በአንድ በኩል የጎረቤት የድንጋይ አጥር አፋፉ ላይ ቆሟል፤ ከአጥሩ ሥር መሬቱ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። እንዲህ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አፈር በእንጨት መደገፍ አለበት። ይህን አውቃለሁ፤ ጽፌም ለአለቃችን ለኮንትራክተሩ ሰጥቻለሁ። «እንጨቱ ይመጣል» አለኝ። እንጨቱ ቀረ፣ ዝናቡ መጣ።

ምሳ አልወርድልሽ አለኝ። ቆፋሪዎቹ ሥራ ላይ መዝሙር ይዘምራሉ፤ መዝሙሩ በተቋረጠ ቁጥር እየሮጥኩ አፋፉ ጋ ሄጄ ሄልሜት እቆጥራለሁ። ስምንት። እመለሳለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ስምንት መሆናቸውን ለማየት እሄዳለሁ። ኤርሚያስ አንዴ «ኢንጂነር፣ በጎች መሰልንሽ እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ግን ደግሜ ቆጠርኳቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ አጥሩ ላይ ስንጥቅ አገኙ። ፀጉር የምታክል፣ ከላይ እስከ ታች የወረደች። ጄሶ በውሃ አቦኩና ስንጥቋ ላይ እንደ ፕላስተር ለጠፉት። ለገሃር ሳሉ የተማሩት ዘዴ ነው፤ ጄሶ ሲደርቅ ስለማይለጠጥ፣ ግንቡ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ እሱ ይሰነጠቃል። «ግንብ እንዲህ ነው የሚናገረው» አሉኝ።

በማግስቱ ዝናቡ አቁሞ፣ ያውም ፀሐይ ወጥታ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ «ኢንተለ ኮ፣ ነይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ኢንጂነር ሳይሉኝ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ነበርና ከመድረሴ በፊት አወቅኩት። ጄሶው ለሁለት ተከፍሏል። ሚስማር አስገቡበት፤ ያለ ችግር ገባ።

ለአለቃችን ደወልኩ። አስጨርሶ አልሰማኝም። «ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ ወይስ ዕቃ ቤት ጠባቂው? ዛሬ መሠረቱ ካልተጠረገ የነገው ኮንክሪት ይመለሳል። አንቺ ካልቻልሽ የሚችል አመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ፈራሁ። አፈሩን ፈራሁ፣ አለቃዬን ፈራሁ። አለቃዬ ቀረበኝ። «ቶሎ ጥረጉና ውጡ» አልኳቸው ቆፋሪዎቹን። ቶሎ ያልኩት ለራሴ ሕሊና ነው እንጂ አፈር የሰው ጥድፊያ አይቶ አይጠብቅም። ስምንቱም ወረዱ።

ኦቦ ቶሎሳ መሰላሉ አፍ ላይ መጥተው ቆሙ። «ኢንጂነር» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሙሴ ላጋር ቢሆን ይህን አያደርግም።»

ምን እንደያዘኝ አላውቅም። «ሙሴ ላጋር የሚባል ሰው የለም!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ላጋር ማለት ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ! የሰው ስም አይደለም! ይህን ሁሉ ዘመን የጸለዩት ለጣቢያ ነው!»

ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ሳቁ። ኤርሚያስም ሳቀ።

«ጣቢያ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ዓይናቸው ከእኔ ላይ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ጠፋው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ያፈርኩባቸው ነገሮች አሉ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን የለም።

ስለ ስሙ ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋግረናል፤ ሁለታችንም ያን ሥራ ከለቀቅን በኋላ፣ እቤታቸው። «ላጋር ካልሆነ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከስልኬ ላይ ፈልጌ እውነተኛውን ስም ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ ምላሳቸው እምቢ አለ። «እግዜር እንደሆነ ሰውዬውን ያውቀዋል፣ እኔ ሙሴ ብዬ ብጠራው ማን እንደሆነ አይጠፋውም» አሉና ተዉት። ቂም አልያዙብኝም። ባለመያዛቸው ነው የሚያመኝ።

ያን ቀን ግን፣ እኔ ጮሄ ስጨርስ፣ ፊታቸውን ወደ መሰላሉ አዞሩ። በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው እርከን በእርከን ወረዱ። ታች ሲደርሱ ባልዲ አነሱ። አጥሩ ሥር፣ ልክ ከስንጥቁ ግርጌ፣ ባልዲውን ደፍተው ተቀመጡበት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ፋዘር፣ ምን እያደረጉ ነው?» አላቸው ኤርሚያስ።

«ተቀምጫለሁ።»

«እዚያ ጋማ አይሆንም። ይነሱ።»

«ለምን? እናንተ እየሠራችሁ አይደል? ስትወጡ እወጣለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ኤርሚያስ ያን ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ከላይ አንድ ጓል ተላቅቃ ወርዳ ትከሻቸውን መታቻቸው። አልተንቀሳቀሱም። እኔ ከላይ ሆኜ እጃቸውን አየሁ። ጉልበታቸው ላይ ያረፈው እጃቸው እንደ ወፍጮ ቋት ይርገፈገፋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አልሰማም። ፍሬኑ ሳይጠየቅ ሚኒባስ የማይሳፈሩት ሰውዬ፣ ሁላችንም ልናየው ያልፈለግነውን ነገር ጀርባቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል።

«ውጡ!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ሁላችሁም ውጡ! ዕቃውን ተዉት! ውጡ!»

መሰላሉን ያዙ። ቆጠርኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ኦቦ ቶሎሳ ከባልዲው ሊነሱ ሞከሩ፣ እግራቸው እምቢ አላቸው። ኤርሚያስ መሰላሉን ይዞ ከነበረበት ተመለሰ። ከኋላቸው በብብታቸው ይዞ አነሳቸው፤ እየገፋ አወጣቸው። በሕይወቴ ከዚያ የረዘመ መሰላል አላየሁም። ስምንት፣ ዘጠኝ።

ከዚያ ምንም አልሆነም። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ አጥሩ ቆሟል። ሠራተኞቹ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጠው ወደ እኔ ያያሉ። ስልኬ ጮኸ፤ አለቃችን ነው። አላነሳሁም። ደግሞ ጮኸ። ባይወድቅስ የሚል አዲስ ፍርሃት መጣብኝ፤ ባይወድቅ ነገ ሥራ የለኝም፣ መሳቂያም ነኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይውደቅልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ወደቀ። ፊልም ላይ እንደምናየው አልጮኸም። ሙሉ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ እንደሚያሰማው፣ ድፍ አለ። አጥሩ፣ መሰላሉ፣ አካፋዎቹ፣ ባልዲው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሄደ። ሰዎቹ ቆመው የነበሩበትን ቦታ በዓይኔ ፈለግኩት፤ አፈር ነው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ዶሮዎች መጥተው አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ። መጀመሪያ ኤርሚያስ ተንበረከከ፤ ከዚያ ሌሎቹ፤ «ጌታ ሆይ» የሚል ብቻ ይሰማ ነበር። ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ለቅሶም አልመጣልኝ፣ ስምንት ዘጠኝ፣ ስምንት ዘጠኝ እያልኩ እቆጥራለሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ከመካከላቸው የሉም። ደንግጬ ፈለግኳቸው። ዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ልወድቅ ጎንበስ አልኩ።

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ…»

«እሱን ተይው» አሉኝ። «ጃኬትሽን ስጪኝ።»

የበረዳቸው መሰለኝ። እያወለቅኩ ሳለሁ ነው ካኪ ሱሪያቸውን ያየሁት። ከላይ እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል። ዓይኔን መለስኩ፤ እሳቸው ግን ማየቴን አዩ።

«አይዞዎት፣ ኦቦ» አልኳቸው። «ያ አፈር ሲወድቅ ማን ያልደነገጠ አለ?»

«ሲወድቅ አይደለም» አሉኝ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «ገና መሰላሉ ላይ እግሬን ሳደርግ ነው።»

ጃኬቱን ወገባቸው ላይ አሰርኩላቸው። ሠራተኞቹ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ፣ ማንም እንዳያያቸው ከፊት ከፊታቸው እየሄድኩ፣ በጓሮው በር ይዣቸው ወጣሁ።